ከራስ በላይ ነፋስ

ወንድሜን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሎጋው ነው የሚሉት። የመብራት መሥሪያ ቤት የቀጠረው መሰላል ለመቆጠብ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ቀልዱን ሰምቶ ፈገግ ይልና አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እኛ ዘንድ አንገት መድፋት እንደ ትልቅ ሙያ ይቆጠራል። ልጅ ሲመሰገን «አንገቱን የደፋ» ከተባለ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም፤ ለወንድሜ ይህ ምስጋና ከልጅነቱ ጀምሮ አልተለየውም። እኔን በዚህ የሚያመሰግነኝ የለም። ታላቁ ነኝ፤ የመኪና ወንበር ልባስ እሰፋለሁ፤ ምላሷ ከመርፌዋ ይብሳል ይሉኛል፤ አልዋሹም።

እናታችን የሞተችው እሱ የወተት ጥርሱን ነቅሎ ሳይጨርስ ነው። አባባ በርና መስኮት ሠሪ ነበር፤ በአንድ እጁ መጋዙን በሌላው እኛን ይዞ አሳደገን። ወንድሜ እስከ ጉርምስናው ድረስ እንደማንም ልጅ ነበር። ከዚያ በአንድ ክረምት ተመዘዘ። አንድ ጠዋት ቁርስ በልተን ከገበታ ስንነሣ የአባባን መሐል አናት ከላይ አየው፤ ፀጉሩ የሳሳበትን ቦታ። ልጁ ደነገጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባባ ባለበት አንገቱ ቀና ብሎ አያውቅም። አባትን ቁልቁል ማየት ድፍረት መስሎት ነው። አንድ ጊዜ ምን ጠፍቶብህ ነው መሬት መሬት የምታየው ብዬ ብቆጣው፣ «ደስ አይለኝም፣ እትዬ» ብቻ አለኝ። እኔ አባባን እስከ መጨረሻው «አንተ» እለው ነበር፤ እሱ ግን ያን ሰሞን «እርስዎ» ማለት ጀመረ፤ በዚያው ቀረ።

ይህ መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው እንግዲህ ማብረር የወደደው። ከሥራ የሚተርፈውን ጊዜ ሁሉ ከከተማው ዳር ባለው የበረራ ክበብ ነበር የሚያጠፋው። የሚያስተምሩት ጡረታ የወጡ አብራሪ ናቸው፤ ሁላችንም ካፒቴን እንላቸዋለን። የክበቡ አውሮፕላን ትንሽ ናት። ወንድሜ እንደ ሰንጢ ታጥፎ ነበር የሚገባባት። ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይገፋል፤ መሪውን ወደ ጎን ሲያዘነብለው ከጭኑ ጋር ይላተማል፤ ትልልቅ ጫማዎቹ ከፔዳሉ ሥር ገብተው ይሰነቀራሉ። ሲወጣ ደግሞ መጀመሪያ የትኛውን እግሩን እንደሚያስቀድም አስቦ ነው።

አባባ አንድ ቀን የተረሳ ጃኬት ሊያደርስለት ሄዶ ይህን አየና ተናዶ ተመለሰ። አባባ እንደ ሃይማኖት የያዘው አንድ አባባል ነበረው፤ ራሱን በጉበን የመታ ሰው ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ የበር ሠሪው ነው ይል ነበር። ጡረታዬን ምን ላድርገው ሲል የከረመው ሰው፣ ብዙም ሳይቆይ የትንሽ አውሮፕላን ንድፍ አስመጥቶ ጓሯችን ባለው የእንጨት ሥራ ክፍሉ ዘረጋው። ሰው በገዛ ቤቱ አውሮፕላን ሠርቶ እንዲያበር እንደሚፈቀድለት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ጎረቤቱ ሰውየው በእርጅናው ነካ አደረገው አለ። እኔም ብያለሁ፤ እኔ ግን ፊት ለፊቱ ነው ያልኩት።

ካፒቴን ንድፉን አይተው አስቀድመው አስጠነቀቁት፤ ልኩ ለመካከለኛ ቁመት ሰው ነው፣ ሎጋው አይገባበትም አሉት። አባባም በር የሚሠራው ለመካከለኛ ሰው ሳይሆን በበሩ ለሚገባው ሰው እንደሆነ ነገራቸው። ሁሉም ነገር በልጁ ልክ ይሠራል ተባለ።

አባባ በሜትር አያምንም። ሜትር የገዛሁት ለደንበኛ ማሳያ ነው ይል ነበር። የእሱ አሠራር በዘንግ ነው። አንድ ቀጭን እንጨት ወስዶ ከሚለካው ነገር አጠገብ ያቆማል፤ በእርሳስ ይጭርበታል፤ ቁጥር የሚባል ነገር ሳይነካው ዘንጉ ራሱ ወደ ሥራው ይሄዳል። ቁጥር ሲነገርና ሲገለበጥ ይሳሳታል፣ ጭረት ግን የትም አይሄድም ባይ ነው። እናም ወንድሜን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ጀርባውን ከግድግዳው አስደገፈው። ከዳሌው እስከ ጉልበቱ ለካው፤ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ ለካው፤ የትከሻውን ስፋት ለካው። በመጨረሻም ፊት ለፊቱ ቆሞ ዘንጉን ከጎኑ አቆመና በአናቱ ልክ ጫረ። አስር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ የሚቆርጥ ሰው ነው፤ ደጋግሞ ለካው፤ ጭረቱ ንቅንቅ አላለም። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ መብራቱን ይዤ።

ሥራው ዓመታት ፈጀ። አባባ ዳሽቦርዱን ለወንድሜ ጉልበት ብሎ ከሥሩ ቆረጠለት፤ ፔዳሉን ወደ ፊት ገፋለት፤ የመሪውን ዘንግ አሳጠረለት። ጣሪያውንም ከንድፉ ከፍ አድርጎ በጭረቱ ልክ አወጣው፤ ለጆሮ ማዳመጫውና ለመንቀሳቀሻ የሚሆን ትርፍ ጨምሮ፣ እኔ የምሰፋውን ስፖንጅ ውፍረት ሳይቀር አስቦ። ካፒቴን መጥተው ሲያዩት እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በፋብሪካም አላየሁ ብለው አመሰገኑት። አባባ ምስጋናውን ሳል ይዞት ሳይመልስላቸው ቀረ።

ሳሉ የመጣው ከሙጫውና ከብናኙ ነው። ዕድሜ ልኩን የተነፈሰው የእንጨት ዱቄት አንሶ የአውሮፕላኑ ሙጫ ተጨመረበት። ሐኪሙ ነገሩን አልሸፋፈነም፤ ሳንባው አልቋል፣ ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ ከቆየ ብዙ ነው አለን። ወጥተን መኪና ውስጥ ስንገባ አባባ ቀበቶውን ለማሰር ሲታገል ቆየና፣ «ሲበር አይቼው ብሞት አይቆጨኝም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም። አባባ ልጁ በእሱ አውሮፕላን ሲበር ማየት ነበረበት፤ ያውም ዝናቡ ሳይገባ።

የመስታወት ጣሪያው የተገጠመ ዕለት አባባ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ልጁን ግባ አለው። መስታወት እንላለን እንጂ የሚያሳይ ፕላስቲክ ነው፤ ዙሪያውን የብረት ቅርጽ አለው። ወንድሜ ገባ፤ ቀበቶውን አሰረ፤ ጣሪያው ከላዩ ተዘጋ። ልክክ አለ። ጉልበቱ በተቆረጠለት ቦታ፣ እግሩ በፔዳሉ ላይ፣ ከአናቱ በላይ ደግሞ በቂ ክፍተት። «በልክ የተሰፋ ሱፍ» አለ አባባ፤ እንባው ወረደ። እኔም አለቀስኩ። ወንድሜ በመስታወቱ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ብሎ ነበር።

አውሮፕላኑ ክንፉ ተፈትቶ በጭነት መኪና ወደ ክበቡ መጋዘን ተወሰደ። የቀረው የእኔ ወንበር ብቻ ነበር። ጥሩ ስፖንጅ መርጬ፣ ጥቁር ሌዘር አልብሼ ሰጠሁት። ወንድሜ ወስዶት ሄደና ይሞቀኛል፣ ይሳሳ ብሎ መለሰው። አሳሳሁት። እንደገና መጣ፤ አሁንም ይሳሳ። በሦስተኛው ስፖንጁን ጨርሶ ተይው፣ ሌዘሩን ብቻ በጣውላው ላይ ለጥፊልኝ አለኝ። እኔ በዚህ ሙያ ስኖር ወንበር ደላኝ ብሎ የሚያማርር መቀመጫ አይቼ አላውቅም። ነገሩ ገባኝ ማለት አልችልም፤ ግን ሸተተኝ።

በማግስቱ ጎረቤታችን አባባን ወደ ሕክምና ሲወስደው እኔ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ወንድሜን ግባ አልኩት፤ ገባ። ጣሪያውን ዘጋሁት። ተቀምጧል፤ ሁሉም ልክ ነው። ቀና በል አልኩት። ቀና ብያለሁ አለ።

«እኔ አባባ አይደለሁም» አልኩት። «ቀና በል።»

ቀና አለ። ወገቡ ገና ቀጥ ብሎ ሳያልቅ አናቱ ከብረቱ ጋር ተላተመ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ። ጉልበቱ በትክክል ተለክቷል፣ ጉልበት አያፍርም። ትከሻውም እግሩም በትክክል ተለክቷል። የሚያፍረው አንገት ነው። አባባ ደጋግሞ የለካው ከፊቱ ቆሞ ነው፤ ከአባባ ፊት የተቀመጠው ልጅ ደግሞ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። ዘንጉ ላይ የተጫረው የወንድሜ ቁመት አልነበረም፤ ጨዋነቱ ነበር።

ወንድሜ ከዚያ ውስጥ ሳይወጣ አወራኝ። ሁሉንም አስቦበታል። መቀመጫውን ዝቅ እንዳያደርገው ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዘው ወራጅ ከሥሩ ያልፋል፤ መደገፊያውን ወደ ኋላ እንዳያጋድመው የነዳጁ ጋን አለ። የቀረው ስፖንጁን ማሳሳት ነበር፤ እሱም አለቀ። ጣሪያውን ቆርጦ ከፍ ማድረግ ደግሞ ቅርጹን እንደገና መሥራት፣ ፕላስቲኩንም እንደገና አሙቆ ማጠፍ ነው፤ ወራት ይፈጃል፤ ዝናቡ ደርሷል። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ እትዬ» አለኝ። «አጎንብሼ አንድ ዙር ልብረር። እሳቸው ይዩኝ። ከዚያ ይቆረጣል።» ሆድ ይፍጀው በይ ብሎ ለመነኝ።

ካፒቴን ከኋላችን ቆመው ሰምተው ኖሯል። መቆጣት ሲገባቸው አልተቆጡም። ከአውሮፕላኑ ጎን ተንበርክከው ጭብጣቸውን በወንድሜ አናትና በጣሪያው መካከል ለማስገባት ሞከሩ፤ ጣታቸው እንኳ አልገባም። «ከራስ በላይ ነፋስ ይላል ሰው» አሉ። «ለሌላው ተረት ነው፤ ለእኛ ሕግ ነው። ከራስህ በላይ አንድ ጭብጥ ነፋስ ከሌለ አትነሣም።» ቀጥለው አስረዱኝ፤ አየር እንደ መንገድ ጉድጓድ አለው፣ አውሮፕላኑ ድንገት ዝቅ ሲል ሰውየው ከወንበሩ ይነሣል፣ ቀበቶ ቢኖርም ይነሣል፣ ያን ጊዜ ብረቱ አናቱን ይዞ አንገቱን ይጨፈልቀዋል። ደግሞስ አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት አይደል? ያጎነበሰ አብራሪ ከጎኑ የሚመጣውን አያይም።

አባባ ግን የእሳቸውም ወዳጅ ነው። ራሳቸውን ሲያሹ ቆዩና፣ ማለዳ ላይ አየሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ አንድ አጭር ዙር ቢሆን፣ አትብረር ብዬ መንገድ ላይ አልተኛም አሉ። ብረርም አልልህም አሉ። እኔም አባት ነኝ ብለው ወጡ።

ነገር በሆዴ አያድርም፤ ያደረበት ቀን የለም። ቤት ስገባ አባባ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር፤ ወንድሜ ከኋላዬ እየተከተለ በዓይኑ ይለማመጠኛል። ብዙ መንገድ አልዞርኩም።

«አባባ፣ ልጅህ አውሮፕላኑ ውስጥ አይገባም።»

ገብቶ አይቼዋለሁ አለ። የገባው አንገቱን ደፍቶ ነው አልኩት። ታዲያ ልጁ አንገቱን የደፋ ነው፣ ሲወለድም እንዲያ ነው አለ፤ ኩራት ነበረበት። ሲወለድ እንዲያ አልነበረም አልኩት። አንተ ፊት ነው የሚደፋው፤ የለካኸውም አንተ ነህ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስፖንጁን፣ የአናቱን ድምፅ፣ የካፒቴንን ጭብጥ። አንድ ዙር ይቻል ይሆናል ማለታቸውንም አልደበቅኩም፤ ምርጫው የእሱ ነበርና።

ወንድሜ ጉልበቱ ላይ ወድቆ አንድ ዙር ብቻ ይፍቀዱልኝ፣ በእርስዎ ሞት እያለ ይለምነዋል። ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየሁት ነገር ከአባባ ደረት ወጣ። «በእኔ ሞት መማል አሁን ምን ዋጋ አለው?» አለ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «እኔ ዓይኔን ደስ እንዲለው ልጄ አንገቱን ይስበር? ራሱን የመታ ሰው ጥፋት የለበትም። ዘንጉን አምጡልኝ።»

ሰው ከራስ በላይ ነፋስ የሚለው ሁሉም ለራሱ ነው ለማለት ነው። አባባ ተረቱን ገለበጠው። ይህን ሲያደርግ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው ለጣሪያው ሥራ እንደማይበቃ ያውቅ ነበር፤ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ክንዱን ይዘን ወደ ጓሮው ክፍል ወሰድነው። ያው በርጩማ፣ ያው ግድግዳ። ወንድሜ ተቀመጠ፤ አባባ ዘንጉን አቁሞ እርሳሱን ያዘ። ቀና በል አለው። ብያለሁ አለ ወንድሜ። አላለም። አባባ ዘንጉን ለእኔ አስይዞ በሁለት እጁ የልጁን አገጭ ወደ ላይ ገፋ፤ ሲለቀው አንገቱ ተመልሶ ወረደ። ደግሞ ገፋው፤ ደግሞ ወረደ። ወንድሜ አላበው። «እየሞከርኩ ነው፣ አባባ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይላል፤ ሰላሳ ዓመት ያለፈው፣ ከፍተኛ መስመር ላይ ወጥቶ የሚሠራ ሰው፣ አንገቱን ማዘዝ አቅቶት ይቅርታ ይለምናል። ልሰድባቸው ፈለግሁ፤ ማንን እንደምሰድብ ጠፋኝ።

አባባ እጁን ከልጁ ፊት አነሣ። ትንሽ ቆሞ አየው። ከዚያ እርሳሱን ለእኔ ሰጠኝ።

«እኔ ልውጣላችሁ» አለ። «ስትጨርሱ ጥሩኝ።»

ግድግዳውን እየተደገፈ ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋው። ያንን በር ራሱ ነው የሠራው፤ ሲዘጋ ድምፅ የለውም። በደጅ ሲያስል ሰማነው፤ ሳሉ እየራቀ ወደ አጥሩ ሄደ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። ጀርባው ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ወጣ፤ ትከሻው ተከፈተ፤ አንገቱ ተዘረጋ። ስንት ዓመት ሙሉ የተጣጠፈ ሰው ሲዘረጋ አየሁ። ወንድሜ ቆንጆ ነው፤ አላውቅም ነበር። ጫርኩ። እንዳይጠፋ ደግሜ አጠቆርኩት።

አባባን ጠራሁት። የበሩ እጀታ ሲነካ የወንድሜ አንገት ወረደ፤ አባባ ገና አልገባም ነበር። ገብቶ ወደ ልጁ አላየም። ዘንጉን ከእጄ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደው። በአሮጌው ጭረትና በአዲሱ መካከል ጣቶቹን አስቀመጠ። አራት ጣት ሙሉ ገባ። ጣቶቹን ከዚያ ላይ ሳያነሣ፣ «ይህን ያህል ልጅ ሳላየው ኖርኩ» አለ።

በነጋታው ክበቡ ድረስ ውሰዱኝ አለ። ጣሪያውን ነቅለን በጠረጴዛ ላይ አስቀመጥንለት። ካፒቴን እኛ እንቆርጠዋለን ቢሉት በእጁ ምልክት ሰጥቶ ከለከላቸው። መጋዙን ይዞ፣ እየቆመ እየተነፈሰ፣ የብረቱን ቅርጽ ራሱ ቆረጠው። ሲጨርስ መጋዙ ከእጁ ወደቀ። ያ የመጨረሻ ሥራው ሆነ።

ቀሪውን እኔና ወንድሜ ቀጠልን። መጀመሪያ አባባ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ይሰጠን ነበር፤ ከዚያ አልጋ ላይ ሆኖ፤ ከዚያ እኛ ማታ የሠራነውን ስንነግረው በዓይኑ ብቻ እሺ ማለት ጀመረ። ብረቱን በትክክል አወጣነው። ፕላስቲኩ ነው ያስቸገረን። ሞቆ ለስልሶ በቅርጹ ላይ ሲዘረጋ ከጥጉ ተሰነጠቀ። አዲስ እስኪመጣ ስንጠብቅ ሰማዩ ጠቆረ። እኔ ዝናብ ጠልቼ አላውቅም፤ ያን ዓመት ጠላሁት። ጣሪያችንን መምታት በጀመረ ቁጥር አባባ ወደ መስኮቱ ዞሮ ይሰማል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሜ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ መጥቶ ከአልጋው አጠገብ ቆመ። አባባ ከእንቅልፍ ነቅቶ ነበር። ድምፁ ቀጥኗል።

«ልጄ፣ እስቲ አንዴ ቀና በልልኝ፤ ልይህ» አለው።

ወንድሜ ጨነቀው፤ ወደ እኔ አየ። ከዚያ የሞት ሞቱን ትንፋሹን ስቦ ቀና አለ። እውነት ቀና አለ፤ ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ ሆነ። አባባ ከትራሱ ላይ አንጋጦ ፈለገው፤ ከተኛበት የሚታየው አገጩ ብቻ ነበር። «ፊትህስ?» አለ። ፊቱን ለማሳየት ደግሞ ወንድሜ ወደ እሱ ማጎንበስ ነበረበት። አጎነበሰ። ከተኛ ሰው አጠገብ የቆመ ሁሉ አንገቱን ይደፋል፤ ይህስ የማንም ጥፋት አይደለም። አባባ ይህ ሳይገባው አልቀረም፤ ከንፈሩ ለሳቅ ተንቀሳቀሰ። ተወው፣ ና ተቀመጥ አለና እጁን ያዘው። እንደያዘው እንቅልፍ ወሰደው።

ሁለተኛው ፕላስቲክ ሳይሰነጠቅ ወጣ። እንዲጠነክር ከቅርጹ ጋር ታስሮ እያለ አባባ ሞተ። ዝናብ ነበር። ወንድሜን ከመብራት ምሰሶ ላይ ጠርተው አወረዱት፤ ምሰሶ የሚወጣበትን ቀበቶ ሳይፈታ ነው ቤት የደረሰው። የቀበርነው ከማኮብኮቢያው ማዶ ባለው መቃብር ነው፤ ራሱ እዚያ ቢሆን ይሻለኛል ብሎ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑን ማየት አልፈለገም። ለማን ብዬ አለ። እኔም አልጎተጎትኩትም፤ የሚያስገርም ነው፣ እኔና ዝምታ ተዋውቀን አናውቅም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን መጋዘን እየሄድኩ ጣሪያውን ገጠምኩ፤ ላስቲኩን ዙሪያውን አለበስኩት፤ ስፖንጁንም መጀመሪያ አባባ ባዘዘው ውፍረት መልሼ ሰፋሁት። ሰማዩ ከጠራ በኋላ አንድ ቀን ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። መፍቻ አንሥቶ ከጎኔ ተቀመጠ።

የበረራው ማለዳ ካፒቴን ጣሪያውን ከመዝጋታቸው በፊት ቀና በል አሉት። ወንድሜ ወዲያው ቀና አለ። ምንም አልከበደውም፤ አንገቱ በራሱ ወጣ። ጭብጣቸውን አስገቡ፤ ገባ፤ ተረፈም። ጥሩ ነው አሉና ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ፊቴን አዞርኩ። አባባ ሊያየው የጓጓው በረራውን ነበር፤ ሳያየው ቀረ፤ ያስለቀሰኝ ግን ይህ አልነበረም። ያስለቀሰኝ ልጁ እንደዚያ ቀላል ሆኖ፣ እንደዚያ ቀጥ ብሎ፣ ዓይኑን አቅንቶ ሲቀመጥ አንድ ቀን እንኳ ሳያየው መሞቱ ነው። አይቶት ቢሆን ኖሮ እያልኩ የክበቡን አጥር ይዤ አለቀስኩ።

ተነሣ። ሞተሩ ጮኸ፤ መንኮራኩሩ ከመሬት ለቀቀ፤ አውሮፕላኑ ከዛፎቹ በላይ ወጣ። አንድ ዙር ዞረ፤ ደግሞ ሰፋ ያለ ዙር ዞረ፤ ወዲያ ማዶ ዘንበል ብሎ አለፈና ወደ እኛ ተመለሰ። ሲያርፍ እንኳ አልነጠረም። ካፒቴን አጨበጨቡ። ጣሪያው ሲከፈት ወንድሜ አልወጣም፤ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ቀረ። ሄጄ በክንፉ ላይ ወጣሁ።

ጣሪያው አልነካህም ወይ አልኩት። አልነካኝም አለ።

ከዚያ፣ «በመቃብሩ ላይ አለፍኩ» አለ። «ክንፉን ዘንበል አድርጌ አየሁት። ቁልቁል አየሁት፣ እትዬ። አባባን ከዚያ ሁሉ ከፍታ ቁልቁል አየሁት።»

ደስ ይለው ነበር ልል ፈልጌ ነበር፤ ለዚህ ብሎ አይደል የሠራልህ ልል ፈልጌ ነበር፤ አንዱም አልወጣልኝም። ቀበቶውን ፈታሁለት። ወንድሜ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነበር፤ እኔም ክንፉ ላይ ተቀምጬ አብሬው አለቀስኩ።